ፊልም ለማን? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፊልምን ለማኅበረሰብ ሥራ ስለመጠቀም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የፕሮጀክት ዕቅድ ብታገላብጡ «አንድ ዶክመንተሪ ፊልም ማዘጋጀት» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። በጀት ተይዞለታል። ማን እንደሚያየው ግን አልተጻፈም። ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ቀራጭ ይፈለጋል። ሁለት ሦስት ተጠቃሚዎች ካሜራ ፊት ይቆማሉ፣ ኃላፊው ቢሮው ተቀምጦ ይናገራል። ፊልሙ በመዝጊያው ቀን አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይታያል። ይጨበጨባል። ከዚያ ፍላሽ ውስጥ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። ፊልም ማንበብ ለማይችሉ አባት፣ ስብሰባ ላይ አፍ አውጥታ ለማትናገር ሴት፣ ሥልጠና ለሰለቸው ወጣት እኩል ይደርሳል። በቀበሌ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተናግረን የማናነሳውን ጉዳይ የአሥር ደቂቃ ፊልም ሊያነሳው ይችላል። አሠራሩ ከታወቀ ነው ታዲያ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ነገር አለ። ለለጋሽ የሚሠራ ፊልምና ለማኅበረሰቡ የሚሠራ ፊልም ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ሩቅ ያለ ሰው ችግሩን አይቶ እጁን እንዲዘረጋ፣ ወይም የሰጠው ገንዘብ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ያለ ሰው ስለራሱ ጉዳይ ከጎረቤቱ ጋር እንዲነጋገር ነው። ለለጋሽ የተሠራውን አምጥታችሁ ለሰፈሩ ብታሳዩት ሰዉ ከንፈሩን መጥጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ችግሩንማ እሱ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ለማኅበረሰቡ የተሠራውን ለለጋሽ ብትልኩት ደግሞ «ድርጅታችሁ የታለ? አርማችሁስ?» ይላችኋል። ሁለቱን በአንድ ፊልም ለመጨረስ የሚሞክር ድርጅት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል።

ይህ ልዩነት ለወሎ ሰው ተራ ነገር አይደለም። ወሎን ዓለም ያወቃት በፊልም ነው፤ ያውም በረሃብ ፊልም። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የነበረውን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ተደብቆ የነበረው ረሃብ ገሃድ ወጣ፣ እርዳታም መጣ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና በቢቢሲው ማይክል በርክ ሥራ በዓለም ቴሌቪዥን ላይ ወጣች። ያ ዘገባም ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ሁለቱም ጊዜ ተቀራጩ እዚህ፣ ተመልካቹ እዚያ ነበር። ካሜራው ፊት የተቀመጡት እናቶች ስለራሳቸው ምን ሊባል እንደሚገባ አልተጠየቁም። ዛሬ ካሜራ ይዘን አንድ መጠለያ ወይም አንድ ቀበሌ ስንገባ ይህን ታሪክ ተሸክመን ነው የምንገባው። ሽማግሌዎቹ ያስታውሱታል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳየው ሥራ ከኛ በጣም ሩቅ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ1967 ካናዳ ውስጥ ፎጎ በምትባል ደሴት የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ከቀያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ግፊት ነበረባቸው። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባልደረባ የነበረው ኮሊን ሎው ካሜራ ይዞ ሄደ፤ ከአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ዶን ስኖውደን አብሮት ሠርቷል። የተለየ ያደረገው ነገር የቀረጸውን ለራሳቸው ለነዋሪዎቹ መልሶ ማሳየቱ ነው። «ይሄ ይቅር፣ ይሄ ይግባ» የማለት መብት ነበራቸው። እርስ በርስ ብዙም የማይገናኙ መንደሮች አንዱ የሌላውን ብሶት በፊልም ሰማ። ለካ ጉዳያቸው አንድ ነው። ቀጥሎ ፊልሞቹ ለባለሥልጣናት ታዩ፤ የባለሥልጣን መልስም ተቀርጾ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰ። ነዋሪዎቹ የዓሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው እዚያው ቀሩ። ፊልሙ ብቻውን አላቋቋመውም። ሰዉ ለንግግር የሚቀመጥበትን ምክንያት ግን ሰጠው።

አሳታፊ ፊልም የሚባለው አሠራር ብዙው የሚቀዳው ከዚያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፊልም መልእክት ማስተላለፊያ ከሚሆን ይልቅ ጨዋታ ማስጀመሪያ ይሁን። ነገርን ነገር ያነሳዋል እንደሚባለው።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። እንበል ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለ የዕድር አዳራሽ ውስጥ ነን። ጉዳዩ የዓረብ አገር ስደት ነው። ደቡብ ወሎ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። መንገዱ ይታወቃል፤ በባቲ ወደ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከመካከላቸው ብዙ ወሎዬዎች ነበሩ። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጉዳዩ የማያውቅ ሰው የለም። ግማሹ ልጅ ልኳል፣ ግማሹ ተመልሶ መጥቷል።

ለዚህ ሰው ሬሳና በረሃ የሚያሳይ ፊልም ብታሳዩት ምን ትነግሩታላችሁ? አደጋውን ያውቃል። አውቆ ነው የሚሄደው። ማስፈራራት ብዙ ጊዜ ሰውን ዝም ከማሰኘት በቀር ሌላ ፋይዳ የለውም።

እኔ የምመርጠው ፊልም ይህን ይመስላል። አሥር ደቂቃ ቢበዛ። ከቃሉ ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ አለች፤ ዘሃራ እንበላት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታ ነበር፤ ከደመወዟ የቤት ኪራይ ሲነሳ የሚተርፋት ለወር አስቤዛ አይበቃም። ደላላው ክፉ ሰው አይመስልም። የአጎቷ ወዳጅ ነው፣ ቤት መጥቶ ቡና ይጠጣል፣ አባቷን «አብሽር» እያለ ያጽናናል። አባትየው በሬ ሸጦ ይላካት ወይስ አይላካት ይጨነቃል። እናትየዋ ዝም ብላለች። አባት ሊናገር አፉን ሲከፍት ፊልሙ ይቆማል። መልሱን አናሳይም።

መብራቱ ይበራል። አወያይዋ ትነሳለች። እዚህ ላይ ነው ብዙ ድርጅት የሚሳሳተው። «ከፊልሙ ምን ተማራችሁ?» ብላ ከጠየቀች መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጥሩ ትምህርት አግኝተናል፣ አዘጋጆቹን እናመሰግናለን።» አለቀ። ሰዉ ትሑት ነው፣ እንግዳ አያስቀይምም፣ የሚፈለግበትን መልስ ያውቃል።

«እናትየዋ ለምን ዝም ያለች ይመስላችኋል?» ብላ ብትጀምርስ? አንድ ጥግ የተቀመጡ ሴት ቀስ ብለው «ምን ትበል? ብትናገር ማን ሊሰማት» ይላሉ። ሌላዋ ትቀጥላለች። ሐጂ የሚባሉት ሽማግሌ «ደላላውን እኛው ነን ቤት ያስገባነው» ይላሉ። ከኋላ አንድ ወጣት «ፋብሪካውስ ምነው ደመወዝ ቢጨምር?» ይላል። አያችሁ፣ ሁሉም ስለ ዘሃራ እያወሩ ስለራሳቸው ቤት ነው የሚያወሩት። የወሎ ሰው ገመናውን አደባባይ አያወጣም፤ ማንስ ያወጣል? በፊልም ያለች ልጅ ግን የማንም ስላልሆነች የሁሉም ትሆናለች። ልብ ወለድ ታሪክ እውነተኛ ምስክርነትን የሚበልጥበት ቦታ ይሄ ነው። እውነተኛ ተመላሽ ልጅ ስክሪኑ ላይ ብትኖር ሰፈሩ «የማን ልጅ ናት?» ማለት ይጀምራል። ውይይቱ ሐሜት ይሆናል።

አወያይዋ መልስ መስጠት የለባትም። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ዝምታ ሲመጣ መታገሥ፣ ብዙ የሚናገረውን ሰው ሳያስቀይሙ ማሳረፍ፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ዝም ያሉትን በአክብሮት መጋበዝ ይጠይቃል። ለቀራጩ የተመደበው በጀት ሩቡ ለአወያዮች ሥልጠና ቢውል ባይ ነኝ። ቡና ቢፈላ ደግሞ ጥሩ ነው። ፊልሙ በአቦል ይታይ፣ ቶናና በረካ ለጨዋታው ይቆዩ። ይሄን ሥርዓት ለወሎ እናቶች ማሠልጠን አያስፈልግም፤ የሰፈር ጉዳይ ድሮም የሚፈታው እዚያ ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው በዚህ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ምስል ጥራት ይጨነቃል፤ የሚያበላሸው ግን ድምፅ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናብ ሲጀምር ተናጋሪው አይሰማም። ስፒከሩን መድረክ ላይ ከምትሰቅሉት መሐል ላይ፣ በጆሮ ከፍታ አድርጉት። ልጅ ያዘሉ እናቶች ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት፤ እነሱ ካልሰሙ ፊልሙ ለእነሱ አልታየም ማለት ነው። ለስክሪን የተወጠረና የተተኮሰ አቡጀዲ ይበቃል። ፕሮጀክተር ስትከራዩ ሉመኑን፣ ማለትም የብርሃኑን ጉልበት፣ ጠይቁ። በባትሪ የሚሠሩት ትንንሾቹ ለአሥራ አምስት ሃያ ሰው፣ በደንብ ለጨለመ ክፍል ጥሩ ናቸው። ለመቶ ሰው አዳራሽ ከ3 ሺህ ሉመን ያላነሰ ያስፈልጋል። መብራት እንደሚሄድ አስባችሁ ግቡ። ጄኔሬተር ካመጣችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ረጅም ገመድ ያዙ።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ውጭ ሜዳ ላይ ለማሳየት ጨለማ እስኪይዝ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። የደሴ ብርድና ጉም የሚታወቅ ነው። ከዚያ በላይ ግን በዚያ ሰዓት ሴቶች አይመጡም፤ ቢመጡም ሲመለሱ ያሰጋቸዋል። ቀን ላይ፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ማሳየት ይሻላል። የሶላት ሰዓት፣ የጾም ቀን፣ የገበያ ቀን ይታይ። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች በፈረቃ ነው የሚሠሩት፤ ለእነሱ የሚመቸው ሰዓት ለሰፈሩ ሰው አይመችም። በተከራዩበት ግቢ ውስጥ፣ በላፕቶፕ እንኳ ቢሆን፣ ለስምንት ለዘጠኝ ልጆች ማሳየት አንድ አዳራሽ ከመሙላት ሊበልጥ ይችላል። ዲኤስቲቪ ቤቶችን ተከራይተው የሚያሳዩ አሉ። ስክሪንና ወንበር ስላለ ቀላል ነው፤ ግን እዚያ የሚገባው ወንድ ነው። ስለ ሴት ልጅ ጉዳይ የሚያወራ ፊልም ይዛችሁ ሴት የማትደፍረው ቤት እንዳትገቡ።

አንድ ነገር በተለይ ለደሴና ለኮምቦልቻ። ይህ ሕዝብ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን በከተማው መሐል አይቶታል። ፊልም ውስጥ ያለች አንዲት የተኩስ ድምፅ፣ በትልቅ ስፒከር ስትወጣ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ልጅን ልታስጮህ ትችላለች። ስለ ተፈናቃዮችም ሆነ ስለ ሰላም የሚሠራ ፊልም ያለ ተኩስ ድምፅና ያለ አስከሬን ሊሠራ ይችላል። መጀመሪያ ለአምስት ስድስት ሰው አሳዩና ፊታቸውን እዩ።

ፊልም ውድ ነው የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ዲጂታል ግሪን የሚባል ድርጅት ሕንድ ውስጥ የሠራው ጥሩ ማሳያ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ሲሠራ በቀላል ካሜራ ይቀረጻል፤ ፊልሙ በአካባቢው ላሉ ሌሎች ገበሬዎች በትንንሽ ቡድን ይታያል፤ አወያዩ መሐል ላይ እያቆመ ይጠይቃል። በ16 መንደሮች በተደረገ ሙከራ አዲሱን አሠራር የተቀበለው ገበሬ ከተለመደው የኤክስቴንሽን ትምህርት 7 እጥፍ ያህል ሆነ። በወጣው ገንዘብ ሲሰላ ደግሞ 10 እጥፍ ውጤታማ ነበር። ድርጅቱ በኋላ ኢትዮጵያ ገብቶ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በባትሪ የሚሠሩ ፕሮጀክተሮች ይዞ ሠርቷል። ተመልካቾቹ አዘውትረው የሚጠይቁት ጥያቄ «ሰውየው ማን ነው? የየት መንደር ነው?» የሚል ነበር። እንደኛ ያለ ሰው መሥራቱን ማወቅ ይፈልጋሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ ተዋናይ ገበሬ መስሎ ቢቀርብ የኩታበር ገበሬ በእጁ አያያዝ ያውቀዋል። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ አቅጣጫ ስትወጡ ኦሮምኛ የቤት ቋንቋው የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ በአማርኛ የተሠራውን ብቻ ይዞ መሄድ ግማሹን ሰው ከጨዋታው ማስወጣት ነው።

አሁን ወደ ፈቃድ። ፈቃድ መጠየቅ ደግነት ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ሕግ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ግን በአንድ መጠለያ ውስጥ ያሉ እናት ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን ስላተሙ ብቻ ፈቅደዋል ማለት ነው? የሚቀርጿቸው ሰዎች ዱቄት የሚያድሉት ከሆኑ «እምቢ ብል ስሜ ይሰረዛል» ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው ስም የሚመዘግበው ሰው አይሁን። የሚባለውም እንዲህ ይሁን፦ «እማማ፣ ይሄ ምስል ከዚህ ወጥቶ ሰው ስልክ ላይ ይገባል። ቲክቶክ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሳዑዲ ያሉት ልጅዎ ሊያዩት ይችላሉ። ያኔ ምን ይሰማዎታል? እምቢ ቢሉ ምንም አይቀርብዎትም።» ከዚያ የተቀረጸውን እዚያው በስልክ ያሳዩዋቸው። አንዳንዶች ያን ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንደገና ቅረጸኝ» ይላሉ። አንዳንዶች «አጥፋው» ይላሉ። ሲሉ ይጥፋ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይሄን አለማድረግ ነው። የጥቃት ሰለባ የሆኑ ሴቶችና ሕፃናት ፊትማ፣ በማንም ፈቃድ ቢሆን፣ ባይታይ እመርጣለሁ። ድምፅና እጅ ብዙ ይናገራሉ።

ሙዚቃም እንዲሁ ፈቃድ አለው። ወሎ ላይ ስለተቀረጸ ብቻ ከኋላው ትዝታ ወይም ባቲ እየተቀዳ ይለጠፍበታል። ቅኝቱ የሁላችን ነው፤ የተቀዳው ዘፈን ግን ባለቤት አለው፣ በ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ይጠበቃል። የሌላ ሰው ፊልም አዳራሽ ውስጥ ማሳየትም እንደዚሁ ፈቃድ ይጠይቃል። ለአንድ የአካባቢ ማሲንቆ ተጫዋች ከፍሎ ማስቀረጽ ይሻላል፤ ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለውይይት የተሠራና በውይይት ዕቅድ ውስጥ የተጻፈ ፊልም የፕሮጀክት ሥራ መሆኑን ማስረዳት ቀላል ነው። የዳይሬክተሩ ንግግር የበዛበትን ማስታወቂያ እንዲያ ብሎ ማሳመን ግን ይከብዳል። ዕቅዱ ሲጻፍ ፊልሙ ስንት ጊዜ፣ ለማን፣ በማን አወያይነት እንደሚታይ አብሮ ይጻፍ። አበል ከፍላችሁ ሰው ከጠራችሁ ደግሞ የመጣው ለፊልሙ ይሁን ለአበሉ መለየት አትችሉም። ቡናና ዳቦ ይበቃል፤ ርቀው ለሚመጡ የትራንስፖርት ይሰጥ።

ውጤቱስ እንዴት ይታወቃል? ሪፖርቶቻችን «ይህን ያህል ሰው ተመለከተ» ይላሉ። ሰው ቆጠርን እንጂ ምን እንደተለወጠ አላየንም። ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ያንኑ ቡድን ሰብስቡና «ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ተነሥቶ ያውቃል? ማን አነሳው? ምን ተባለ?» በሉ። ፊልሙ ስለ ክትባት ከነበረ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ አለ፤ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ ያለውን ወር አነጻጽሩ። ለውጥ ካልታየ እሱም ይጻፍ። ለውጥ ከታየም ሁሉንም ለፊልሙ አትስጡት፤ በዚያው ወር የክትባት ዘመቻ ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

በየውይይቱ ላይ የተነሱ ጥያቄዎች በሰው አነጋገር፣ ሳይስተካከሉ፣ ይመዝገቡ። «ደላላው የወሰደውን ብር ማን ያስመልስልኛል?» ያሉት አባት ጥያቄ ወደ ፖሊስና ወደ ሥራና ሥልጠና ቢሮ የሚሄድ ጥያቄ ነው። ሄዶ መልስ ከመጣ ያንኑ አዳራሽ ተመልሶ ይነገር፤ ካልመጣም አለመምጣቱ ይነገር። ኃላፊው ፈቃደኛ ከሆኑ መልሳቸውን በስልክ ቅረጹና በሚቀጥለው ዝግጅት ከዘሃራ ታሪክ አስቀድማችሁ አሳዩት።